የቶርኖ ፍጥነት ስንት ሲሆን ዋጋው ይረክሳል? የ200 ሻፍት ስሌት

#1 ማራኪ_ቶርኖ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር ላለ ወርክሾፕ የመጣ ሥራ ነው። 200 የመውቂያ ማሽን ሻፍት፣ ወደ መተማ መስመር ለሰሊጥና ለማሽላ የሚሄድ። ዋጋ ለደንበኛው ከመሰጠቱ በፊት ስሌቱን በወጉ መሥራት እፈልጋለሁ። መረጃው ይኸው፦

ብረቱ ሲ45 (መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረት)፣ ጥሬው 50 ሚሜ ዲያሜትር። ጠቅላላ ርዝመት 440 ሚሜ፤ ከዚህ ውስጥ 400ው ወደ 45 ሚሜ ይወርዳል፣ የቀረው 40 ባለበት ይቆያል (ቻኩ፣ ማለትም ዘንጉን ነክሶ የሚያዞረው መያዣ፣ የሚይዘው በዚያ በኩል ነው)። ከጥሬው ላይ በ460 ሚሜ ልንቆርጥ ነው ሐሳባችን። ሻካራው ቆረጣ በ2 ሚሜ ጥልቀት፣ ማለስለሻው በ0.5 ሚሜ፤ ለሻካራው የያዝነው ፊድ (ሻፍቱ አንድ ጊዜ ሲዞር መቁረጫው የሚሄደው) 0.25 ሚሜ ነው።

ማሽኑ ባለማርሽ ቶርኖ ነው፣ ሞተሩ 5.5 ኪሎዋት። ዙሮቹ በደቂቃ 45፣ 63፣ 90፣ 125፣ 180፣ 250፣ 355፣ 500፣ 710፣ 1000፣ 1400። መቁረጫው ሲኤንኤምጂ 120408 ካርባይድ ኢንሰርት (መያዣ ላይ የሚገጠም፣ አንዱ ጫፉ ሲያልቅ ወደ ሌላው የሚዞር ጠንካራ ቁራጭ)፣ አንዱ በ800 ብር የተገዛ። የሠራተኛ፣ የኪራይ፣ የመብራት፣ የማሽን እርጅናና የጥገና ወጪ ተደምሮ በሰዓት 240 ብር ይመጣል። ኢንሰርት አዙሮ ዜሮ እስኪይዙ 3 ደቂቃ፣ ሻፍት ማሰርና መፍታት 4 ደቂቃ።

የኢንሰርቱ ሳጥን 220 ሜትር በደቂቃ ይላል፤ ይህ በ50 ሚሜ 1400 ዙር ማለት ነው። ባለሙያው ደግሞ ከ500 ዙር አላልፍም ይላል። ማን ነው ልክ?

#2 አንገረብ
ሁለቱም አይደሉም፤ ቁጥሮቹን ስላመጣህ ግን በቀላሉ ይወጣል።

መነሻው ፍሬድሪክ ቴይለር በ1906 (በፈረንጆቹ) ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረበው ቀመር ነው፦

ፍ × ዕ^ን = ቋ

ፍ የመቁረጫ ፍጥነት በሜትር በደቂቃ፣ ዕ የአንድ ጫፍ ዕድሜ በደቂቃ፣ ን ከመቁረጫው ዓይነት ጋር የሚሄድ ኃይል (ለካርባይድ ወደ 0.25፣ ለሃይስፒድ፣ ማለትም እየተሳለ ለሚሠራው የብረት መቁረጫ፣ ወደ 0.125)፣ ቋ ደግሞ ብረቱንና መቁረጫውን የሚገልጽ ቋሚ ነው። ን 0.25 ሲሆን ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር የጫፉ ዕድሜ በ16 ይካፈላል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ሻፍት የቆረጣ ወጪ ሁለት ነገሮች ድምር ነው፦

ወጪ = ጊዜ × ደ + (ጊዜ ÷ ዕ) × (ደ × ለ + ጫ)

ደ የማሽን ደቂቃ ዋጋ (240 ÷ 60 = 4 ብር)፣ ለ ጫፍ ለመለወጥ የሚፈጀው ጊዜ (3 ደቂቃ)፣ ጫ የአንድ ጫፍ ዋጋ ነው። ኢንሰርቱ 4 ጫፍ አለው፤ ግን አራቱም እስከ መጨረሻ ያገለግላሉ ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው፤ አንዱ ሲሰበር የጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። 80 በመቶው ይሠራል ብንል 3.2 ጫፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ጫ = 800 ÷ 3.2 = 250 ብር። አንድ ጫፍ ባለቀ ቁጥር የሚወጣው እንግዲህ 4 × 3 + 250 = 262 ብር ነው።

ይህን ወጪ ትንሹ ላይ የሚያደርሰው የጫፍ ዕድሜ፦

ዕ = (1÷ን − 1) × (ለ + ጫ÷ደ) = 3 × (3 + 62.5) = 196.5 ደቂቃ

ሳጥኑ ላይ ያለውን 220 በ15 ደቂቃ ዕድሜ ብንወስድ ቋ = 220 × 15^0.25፣ ወደ 433 ይመጣል። በ196.5 ደቂቃ ፍጥነቱ 116 ሜትር በደቂቃ ይሆናል፤ ይህም በ50 ሚሜ 738 ዙር ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ቅርቡ 710 ነው።

አሁን ዙሩን እየለዋወጥን ሻካራውን ብቻ እንይ (ፊድ 0.25፣ መግቢያ 5 ሚሜ ተጨምሮ 405 ሚሜ)፦

በ500 ዙር፦ 3.24 ደቂቃ፣ የማሽን 12.96 ብር፣ የጫፍ 0.92፣ ድምር 13.9 ብር
በ710 ዙር፦ 2.28 ደቂቃ፣ የማሽን 9.13፣ የጫፍ 2.63፣ ድምር 11.8 ብር
በ1000 ዙር፦ 1.62 ደቂቃ፣ የማሽን 6.48፣ የጫፍ 7.36፣ ድምር 13.8 ብር
በ1400 ዙር፦ 1.16 ደቂቃ፣ የማሽን 4.63፣ የጫፍ 20.2፣ ድምር 24.8 ብር

የ500ውና የ1000ው ዋጋ እኩል መሆኑን ልብ በሉ። ዝቅተኛው ቦታ ዙሪያ መስመሩ ዘንበል ያለ ሜዳ ነው፤ አንድ ማርሽ ወዲያ ወይም ወዲህ ቢሆን የሚጎዳው ጥቂት ነው። ከሜዳው ሲወጣ ግን ገደል ነው፣ ገደሉም በፍጥነቱ በኩል ነው ያለው። ባለሙያው በጆሮው የያዘው 500 ከሳጥኑ ቁጥር በብዙ ይሻላል።

#3 ፒያሳ_ብረት
እና አምራቹ ሳጥኑ ላይ ውሸት ጻፈ ማለት ነው? ደግሞስ ጫፍ እንዲህ ውድ ከሆነ ለምን በሃይስፒድ አይሠራም? አንዱን መቁረጫ ገዝቶ ደጋግሞ መሳል ነው፤ ኢንሰርት የሚባል ጣጣ የለም።

#4 አንገረብ
ውሸት አይደለም። የካታሎግ ፍጥነቶች አብዛኛውን ጊዜ በ15 ደቂቃ የጫፍ ዕድሜ የተሰሉ ናቸው። የማሽን ደቂቃ እጅግ ውድ በሆነበት፣ ኢንሰርት ከደቂቃው አንጻር ርካሽ በሆነበት ፋብሪካ 15 ደቂቃ ልክ ነው። በቀመሩ ውስጥ ጫ÷ደ የሚለውን እይ፤ እዚያ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ እዚህ ከ60 በላይ ነው። አንድ ጫፍ የማሽኑን አንድ ሰዓት ያህል ያወጣል ማለት ነው። ቀመሩ አንድ ነው፣ የሚገባበት ቁጥር ግን የሀገሩ ነው።

ሃይስፒዱን እናስላው። መሳያ 10 ደቂቃ 40 ብር፣ ከመቁረጫው የሚያልቀው 10 ብር፣ ጫ = 50። መለወጫ 5 ደቂቃ፣ ን = 0.125።

ዕ = 7 × (5 + 12.5) = 122 ደቂቃ

ለሲ45 በኩላንት (በማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በ60 ደቂቃ ዕድሜ ወደ 30 ሜትር በደቂቃ ብንይዝ፣ በ122 ደቂቃ 27 ይሆናል። ቅርቡ 180 ዙር ነው። የቆረጣው ጊዜ 9 ደቂቃ፤ የማሽን 36 ብር፣ የመቁረጫ 6.6 ብር፣ ድምር 42.6 ብር። ካርባይዱ በ11.8 ከሚሠራው ጋር አወዳድረው። ርካሽ መቁረጫ ውድ ሻፍት ይሰጣል። ሃይስፒድ ቦታው ሌላ ነው፦ ልዩ ቅርጽ፣ ጠባብ ጉድጓድ፣ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ዕቃ፣ አንድና ሁለት ፍሬ ሥራ።

#5 ሥላሴ_ሰፈር
አንገረብ ያሰላው ልክ ነው፤ ግን ሁላችሁም በዙር ላይ ተጣበቃችሁ። ከዙሩ በፊት ፊዱ ነው መነሣት ያለበት።

የተስፋፋው የቴይለር ቀመር ፊድንና ጥልቀትንም ያስገባል። የጫፍን ዕድሜ አብዝቶ የሚበላው ፍጥነት ነው፣ ቀጥሎ ፊድ፣ መጨረሻ ጥልቀት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይኸው ነው፦ ማሽኑና ዕቃው እስከቻሉ ጥልቀቱን ሙላ፣ ከዚያ ፊዱን ከፍ አድርግ፣ በተረፈው ፍጥነቱን ምረጥ። በሦስት ስስ ቆረጣ የሚላጠውን ሻፍት በሁለት ቆረጣ መጨረስ ማንኛውም የፍጥነት ስሌት ከሚያተርፈው በላይ ያተርፋል።

የፊዱን ኃይል 0.3 ብንወስድ፣ ፊድ ከ0.25 ወደ 0.35 ሲወጣ የጫፍ ዕድሜ በ(0.25÷0.35)^1.2፣ ማለትም ወደ 0.67 ይወርዳል (1.2 የመጣው ከ0.3 ÷ 0.25 ነው)። በ710 ዙር ዕድሜው ከ227 ወደ 152 ደቂቃ፣ የቆረጣው ጊዜ ከ2.28 ወደ 1.63 ደቂቃ።

ወጪ = 1.63 × 4 + (1.63 ÷ 152) × 262 = 6.5 + 2.8 = 9.3 ብር

ይህ 1000 ዙር በ0.25 ፊድ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ነው የሚፈጀው፤ ዋጋው ግን 9.3 እንጂ 13.8 አይደለም። የኢንሰርቱ የአፍንጫ ራዲየስ 0.8 ስለሆነ የሻካራ ፊድ እስከ ግማሹ፣ 0.4 ድረስ ይችላል። ቺፑም (ተላጦ የሚወጣው ብረት) በ0.35 ይሻላል፤ በትንሽ ፊድ እንደ ክር ተጠምጥሞ ሻፍቱን የሚቧጭረው በዚህ ላይ ተሰብሮ ይወድቃል።

ለማለስለሻ ሌላ ሕግ ነው። እዚያ ፊዱን የሚወስነው የገጽታው ልስላሴ ነው፦ አማካይ ሸካራነት ≈ ፊድ² ÷ (32 × ራዲየስ)። በ0.2 ፊድ 1.56 ማይክሮን፣ በ0.15 ደግሞ 0.88 ማይክሮን። ይህ ግን በወረቀት ላይ የሚገኘው ትንሹ ነው፤ መንቀጥቀጥና ጫፍ ላይ የሚጣበቅ ብረት ይጨምሩበታል። ለቤሪንግ መቀመጫ 1.6 የሚጠየቅ ከሆነ በ0.2 ጫፍ ላይ ነህ ያለኸው፣ መቀመጫው ላይ ብቻ ወደ 0.15 አውርድ።

#6 አዘዞ_ሞተር
ፊድ ጨምሩ ከማለታችሁ በፊት ሞተሩን ጠይቁት።

ኃይል በኪሎዋት = የብረቱ መቋቋም × ጥልቀት × ፊድ × ፍጥነት ÷ 60000

ለሲ45 በ0.25 ፊድ መቋቋሙ ወደ 2200 ኒውተን በካሬ ሚሜ፣ በ0.35 ወደ 2080 ነው (ቺፑ ሲወፍር ይወርዳል)። የማሽኑ ቅልጥፍና 0.8 ቢሆን (ውጤቱ በዚያ ይካፈላል)፦

710 ዙር በ0.25፦ 2.6 ኪሎዋት
710 ዙር በ0.35፦ 3.4 ኪሎዋት
1000 ዙር በ0.35፦ 4.8 ኪሎዋት
1400 ዙር በ0.25፦ 5.0 ኪሎዋት

ሞተሩ ላይ 5.5 ቢጻፍም ያ ቁጥር እስከ 1000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ጎንደር ወደ 2130 ሜትር ላይ ናት፣ ስለዚህ 11 በመቶ ይወርዳል፤ የቀረው 4.9 ኪሎዋት ነው። የሳጥኑ 1400 ዙር በኃይሉም አያልፍም።

#7 ሥላሴ_ሰፈር
@አዘዞ_ሞተር ቅነሳው የሚታሰበው የአካባቢው ሙቀት 40 ዲግሪ ነው ተብሎ ነው። አየሩ ከዚያ ከቀዘቀዘ ከፍታው የወሰደውን ብርዱ ይመልሳል። ኤፍ ደረጃ መጠቅለያ (ሙቀት የሚችል የሽቦ መከላከያ) ላለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ነው ሒሳቡ፤ ለጎንደር 12 ዲግሪ። ወርክሾፑ ውስጥ ከ28 ዲግሪ በታች ከሆነ ሙሉው 5.5 አለ ማለት ይቻላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሚያዝያ ቀትር ላይ ግን ያንተ ሒሳብ ይያዝ።

እኔን የሚያሳስበኝ ቮልቴጁ ነው። 380 መሆን ያለበት 340 ሲወርድ የሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት በካሬው ነው የሚወርደው፦ (340÷380)² = 0.80። ሞተሩ ደግሞ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይሞቃል። ማታ የሰፈሩ ወፍጮዎች ሲሠሩ በመልቲሜትር ሦስቱንም ፌዝ መለካት ያስፈልጋል። 3.4 ኪሎዋት የሚስበው ምርጫ በዚህ ሁሉ ውስጥ በሰላም ያልፋል፣ ለዚህ ነው 710 በ0.35 የምለው።

#8 ማራኪ_ቶርኖ
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሲ45 ካነሰ የቀረውን ከአሮጌ የጭነት መኪና አክስል ለመሥራት ሐሳብ አለ። ሁለተኛ፣ መብራቱ ቆረጣ መሀል ላይ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ጫፉ ብረቱ ውስጥ እንደገባ ይቆማል። ይህ በስሌቱ የት ይገባል?

#9 ቀሃ
አክስሉን ከ200ው ጋር በአንድ ስሌት አታስገባ። ብዙ አክስል ከክሮም ቅይጥ ብረት የተሠራና ላዩ በኢንዳክሽን (በኤሌክትሪክ በሚፈጠር ሙቀት) የተጠነከረ ነው፤ የተጠነከረው ሽፋን ጥቂት ሚሜ ይወርዳል። በ2 ሚሜ ጥልቀት ስትገባ ጫፉ ከጠንካራው ሽፋን ሳይወጣ ነው የሚሄደው። ያ የ433 ቋሚ እዚያ ላይ ዋጋ የለውም።

ለመለየት፦ አዲስ ሞረድ ውሰድና ጫፉንና መሀሉን ሞርድ። ሞረዱ ሳይነክስ የሚንሸራተት ከሆነ ጠንካራ ነው፤ በተራ ኢንሰርት አትጀምረው። አለስልሶ ማምጣት ነው፦ ወደ 840 ዲግሪ አሙቆ እቶኑ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው። በአመድ ወይም በኖራ ቀብሮ ማቀዝቀዝም ይረዳል፣ ግን እኩል አይለሰልስም። የእቶኑ፣ የጊዜውና የቅርፊቱ ወጪ ሲደመር አዲስ ብረት መግዛት ሊረክስ ይችላል። ሌላው አደጋ የድካም ስንጥቅ ነው፤ አሮጌ አክስል በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ይመጣል፣ መውቂያ ማሽን ላይ ደግሞ ሻፍቱ ሲሰበር አጠገቡ ሰው አለ። እኔ ብሆን ለዚህ ሥራ አልወስደውም።

#10 አንገረብ
የመብራቱ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ መልሱም ከሚጠበቀው በተቃራኒ ነው።

በ480 ደቂቃ ቆረጣ ውስጥ አንድ ጊዜ ይጠፋል፣ ከጠፋባቸው ጊዜያት በግማሹ ጫፍ ይሰበራል እንበል (ቁጥሩን በራስህ መዝገብ ተካው)። እያንዳንዱ የቆረጣ ደቂቃ 0.5 ÷ 480 × 262 = 0.27 ብር ተጨማሪ አደጋ ይሸከማል። ይህ ከፍጥነት ጋር አይገናኝም፤ በደቂቃው ዋጋ ላይ ነው የሚደመረው፦ 4 የነበረው 4.27 ይሆናል። አመቺው ዕድሜ ከ196.5 ወደ 184 ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ከ2 በመቶ በታች ይጨምራል። መብራት ስለሚጠፋ ዝግ ብሎ መሥራት ይሻላል የሚለው ስሌት ላይ አይቆምም፤ ብረቱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራልና። ማርሽ የሚያስለውጥ ግን አይደለም።

ጫፉን የሚያተርፈው አሠራር ነው። መብራት ሲጠፋ ስፒንድሉ በራሱ ጉልበት ጥቂት ይዞራል፤ በዚያች ቅጽበት የመስቀለኛውን እጀታ (መቁረጫውን ከሻፍቱ የሚያርቀውን) ወደ ኋላ መሳብ። ከቆመ በኋላ ከሆነ እጀታውን በኃይል መሳብ ጫፉን ይሸርፋል፤ መጀመሪያ የፊዱን ክላች ፈትቶ፣ ቻኩን በእጅ ትንሽ ወደ ኋላ አዙሮ ቺፑን ካላቀቁ በኋላ ነው መቁረጫው የሚሳበው። ማሽኑ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሣ ኮንታክተሩን (የሞተሩን መብራት የሚያገናኘውንና የሚቆርጠውን) ማረጋገጥ ከሁሉ ይቀድማል።

ጄኔሬተር ላይ ሲሆን ነው ስሌቱ በእውነት የሚለወጠው። በናፍጣው ምክንያት ደቂቃው 12 ብር ቢገባ፦

ዕ = 3 × (3 + 250÷12) = 71.5 ደቂቃ፣ ፍጥነቱ 149 ሜትር በደቂቃ፣ ወደ 950 ዙር

በ0.25 ፊድ 710 ዙር 30.3 ብር፣ 1000 ዙር 27.5 ብር ይመጣል፤ አንድ ማርሽ መጨመር ያዋጣል። በ0.35 ፊድ ግን ሁለቱም 22.5 ብር አካባቢ ናቸው። ዋጋው እኩል ከሆነ ጄኔሬተሩን 4.8 ኪሎዋት ከማስጨነቅ 710 ላይ መቆየት ነው።

#11 ፒያሳ_ብረት
ይህ ሁሉ የቆመው 0.25 እና 433 በሚሉ ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው ኢንሰርት ደግሞ ሳጥኑ አንድ፣ ውስጡ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እነዚህን ቁጥሮች ወርክሾፕ ውስጥ ማግኘት ይቻላል?

#12 ሥላሴ_ሰፈር
ይቻላል፤ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ትዕዛዙን እየሠራህ የሚለካ ነው።

የጫፉ ማለቂያ መለኪያ በአይሶ 3685 (ዓለም አቀፉ የመቁረጫ ዕድሜ መፈተኛ ደረጃ) እንደተቀመጠው ይሁን፦ ከጫፉ ሥር ያለው የጎን ፊት እኩል የሚበላ ከሆነ አማካዩ 0.3 ሚሜ ሲደርስ፣ በአንድ ቦታ ጎልቶ የሚበላ ከሆነ ትልቁ 0.6 ሚሜ ሲደርስ። ለማየት ውስጡ ሚዛን ያለው 20 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። ድምፅ ተለወጠ፣ ቺፑ ሰማያዊ ሆነ የሚባለው ምልክት ጥሩ ነው፤ ለስሌት ግን አይሆንም።

በሁለት ዙር ጀምር፣ 1000 እና 1400። ፊድ፣ ጥልቀት፣ ብረት፣ ኩላንት አይለወጡ። ከየአምስት ሻፍቱ በኋላ ኢንሰርቱን አውጥተህ የተበላውን ለካ፣ የቆረጣውን ደቂቃ ደምር። አበላሉ መጀመሪያ ፈጠን ይላል፣ ከዚያ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሽቅብ ይወጣል። መካከለኛው መስመር ላይ ከሆንክ 0.3ን ሳትጠብቅ መስመሩን አስረዝመህ ማንበብ ይቻላል፣ ኢንሰርትም አይባክንም።

ለምሳሌ በ157 ሜትር በደቂቃ 50 ደቂቃ፣ በ220 ደግሞ 14 ደቂቃ ቢወጣ፦

ን = ሎግ(220÷157) ÷ ሎግ(50÷14) = 0.265
ቋ = 220 × 14^0.265 = 443 አካባቢ

እያንዳንዱን ፍጥነት ቢያንስ በሁለት ጫፍ ድገመው። የጫፍ ዕድሜ በተፈጥሮው የተበታተነ ነው፤ ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት ጫፎች በብዙ ይለያያሉ። ሦስት ፍጥነት ካለህ ኤክሴል ላይ የፍጥነቱንና የዕድሜውን ሎግ አውጥተህ (ፍጥነቱ በቁመት፣ ዕድሜው በአግድም) የመስመሩን ዝንባሌ አስላ፤ ን የዝንባሌው ተቃራኒ ምልክት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መስመሩን ወደ ታች ብዙ አታስረዝመው። ቀመሩ በ500 ዙር ከ900 ደቂቃ በላይ ዕድሜ ይሰጣል፤ ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ካርባይድ በብረት ላይ ከ80 ሜትር በደቂቃ አካባቢ ሲወርድ ብረቱ ጫፉ ላይ እየተጣበቀ፣ ሲላቀቅም የጫፉን ሽፋን እየነቀለ ይሄዳል፤ ገጽታውም ይሻክራል። የ500 ዙር 78 ሜትር በደቂቃ መሆኑን አትርሱ።

#13 ቀሃ
ኩላንት ካነሣን፦ ካርባይድ ላይ ወይ ያለማቋረጥ ይፍሰስ፣ ወይ ጭራሽ አይኑር። በቆርቆሮ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማጠጣት ጫፉን ያግለዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ያግለዋል፤ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ስንጥቅ የሚታየው ከዚህ ነው። ድብልቁ ከ5 እስከ 8 በመቶ፤ ዘይቱ ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው፣ ውሃው ወደ ዘይቱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቴልስቶኩ (የሻፍቱን ሌላ ጫፍ በሴንተር፣ ማለትም በሾል፣ የሚደግፈው) ይግባ። 50 ሚሜ ዘንግ 400 ሚሜ ወጥቶ በቻክ ብቻ ተይዞ 500 ኒውተን ወደ ጎን ቢገፋው ጫፉ ላይ ወደ 0.17 ሚሜ ይጎብጣል፤ በዲያሜትር 0.34 ማለት ነው። በሴንተር ሲደገፍ መሀሉ ላይ የሚጎብጠው 0.005 ሚሜ እንኳ አይሞላም። ሴንተር ሳይገባ ፊድ 0.35 የሚባል ነገር የለም። የሚዞር ሴንተር ይሁን፤ የቆመው በ710 ዙር ይቃጠላል።

ሦስተኛ፣ ማሰርና መፍታቱ 4 ደቂቃ ነው አልክ፦ 16 ብር። ይህ ከሻካራው ቆረጣ ይበልጣል። 200ውንም መጀመሪያ ፊታቸውን አስተካክለህ ሴንተር ብሳ፣ ከዚያ ቁረጣውን ለብቻ አስኪድ። ቻኩ ውስጥ መቆሚያ አስቀምጥ፣ ሁሉም ሻፍት እኩል እንዲገባ፤ ያን ጊዜ የርዝመት ዜሮ በየሻፍቱ መፈለግ ይቀራል። ከ4 ወደ 2.5 ደቂቃ ቢወርድ 6 ብር ነው።

@አንገረብ የጫፍ ዋጋው ላይም አንድ ነገር አለ። የሲኤንኤምጂ 80 ዲግሪ ማዕዘኖች ሲያልቁ የ100 ዲግሪዎቹ አልተነኩም። 75 ዲግሪ የሚይዝ መያዣ ካለ ለሻካራ ቆረጣ 4 ተጨማሪ ጫፍ ይሰጣሉ። ወደ ትከሻው (45ው አልቆ 50ው የሚጀምርበት) ድረስ አይሄዱም፣ ጥቂት ሚሜ ለማለስለሻው ይተዋል።

#14 ማራኪ_ቶርኖ
በጣም ጥሩ። ኤክሴል ሶልቨር (ትንሹን ወጪ ራሱ ፈልጎ የሚያወጣው መሣሪያ) ላይ ላስገባው ነበር፤ ዋጋ ለመስጠት አጠቃላዩን እንዴት ላስቀምጠው? ማለስለሻውንስ በየትኛው ዙር?

#15 አንገረብ
ሶልቨር አያስፈልግም። የሚያወጣልህ 738.4 ዙርና 0.387 ፊድ ነው፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ የሉም። 11 ዙር በ6 ፊድ 66 ረድፍ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ጊዜን፣ ዕድሜን፣ ወጪን፣ ኪሎዋትንና ሸካራነትን አስላ፤ ገደብ ያለፈውን ሰርዝ፣ ከቀረው ትንሹን ውሰድ።

ማለስለሻው በ0.2 ፊድ፣ በ46 ሚሜ፦ 710 ዙር 13.2 ብር፣ 1000 ዙርም 13.2 ብር። ዋጋው እኩል ነውና 1000ውን ያዝ፤ በሻፍት 0.8 ደቂቃ ያተርፋል፣ ለ200ው ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ፤ ገጽታውም በከፍተኛ ፍጥነት ይጠራል። የማለስለሻውን ኢንሰርት ከሻካራው ለይ፤ ማለስለሻ ላይ ያለቀው ጫፍ ለሻካራ ገና ብዙ ይሠራል።

ድምሩ፦ ሻካራ 9.3፣ ማለስለሻ 13.2፣ ማሰርና መፍታት 16፣ ፊት ማስተካከልና ሴንተር መብሳት 5 ደቂቃ ቢፈጅ 20 ብር። 58.5 ብር። በዚህ ላይ የሚበላሸውን፣ ትርፉንና ግብሩን ትጨምራለህ። ሌላ ሥራ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅ ከሆነ ደቂቃው 4 ብር ብቻ አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ የሚቀርብህ ትርፍም ይደመርበታል፣ አመቺው ፍጥነትም ከፍ ይላል።

#16 ቀሃ
58 ብሩን ስታሳምሩ ብረቱን ማንም አላየም። 50 ሚሜ ዘንግ በሜትር 15.4 ኪሎ ይመዝናል። 460 ሚሜው 7.1 ኪሎ ነው፤ ኪሎው 150 ብር ቢገባ 1060 ብር።

አሁን አቆራረጡን እዩት። የ6 ሜትር ዘንግ በ460፣ መጋዙ 3 ሚሜ እየበላ፣ 13 ፍሬ ለማውጣት 6016 ሚሜ ይፈልጋል። በ16 ሚሜ ምክንያት 12 ብቻ ይወጣል፤ ለ200 ሻፍት 17 ዘንግ። ለፊት ማስተካከያ በየጎኑ 10 ሚሜ መተው ደግሞ ብዙ ነው፣ መጋዙ ቀጥ ብሎ ከቆረጠ 4 ይበቃል። በ448 ሲቆረጥ 13ቱ በ5860 ሚሜ ያልቃሉ፤ 16 ዘንግ ይበቃል። አንድ ዘንግ 92 ኪሎ ተኩል ነው፣ ወደ 13,900 ብር።

ከ500 ዙር ወደ 710 እና 0.35 ፊድ መሄዱ በጠቅላላው ያተረፈው 900 ብር አካባቢ ነው።

#17 ማራኪ_ቶርኖ
@ቀሃ የዲስክ መጋዝ ነው ያለን፤ ጠማማ ስለሚቆርጥ ነበር 10 የተተወው።

#18 ቀሃ
የዲስኩ ውፍረት 3 ሚሜ ቢሆንም ሲወዛወዝ 4 ይበላል፤ ያም ሆኖ በ448 13ቱ ይወጣሉ። ጠማማነቱ የሚመጣው ዘንጉ በአንድ በኩል ብቻ ተይዞ ሌላው ወደ ታች ሲንጠለጠል ነው። በመቆሚያው ቁመት ልክ ሁለት ድጋፍ አድርግለት፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ በማዕዘን መለኪያ ፈትሸው፤ ከ2 ሚሜ በላይ ካልዘመመ በ448 ቀጥል። ከዘመመ በ455 ቁረጥ፤ በ3 ሚሜ መጋዝ 5951፣ በ4 ሚሜ 5963 ነው። 13ቱ አሁንም ይወጣሉ፣ ዘንጉ ግን ሙሉ 6 ሜትር መሆኑን ከመግዛትህ በፊት በሜትር ለካው።